ሐምሌን በኅዳር እንቅደመው

የዋግ ልጆች፣ የሰቆጣ ከተማ ነዋሪዎች፣ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬዎች፣ ከአስከተማ እስከ አምደወርቅ፣ ከፅፅቃ እስከ ተከዜ ዳር ያላችሁ ወገኖቼ! ይህ ጥሪ ስለ ዕዳ ነው። በየቤታችን ስላለው፣ ጎረቤት ስለማያውቀው፣ አንዳንዴም ባል ከሚስቱ፣ ሚስት ከባሏ ስለሚደብቁት ዕዳ። ዘንድሮ እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ ማሩ ሲቆረጥ፣ ፍየሉ ለገበያ ሲደርስ፣ ከሌላው ወጪ ሁሉ አስቀድመን ይህን ዕዳ አብረን እንድንነቅለውና በቦታው ጥሪት እንድናኖር እጠይቃችኋለሁ። እያንዳንዳችን በየግላችን ስንታገለው ኖረናል። አብረን ግን ገና አልነሳንበትም።

ከሁሉ በፊት ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። የዋግ ሰው ዕዳ ውስጥ የገባው ሰንፎ ወይም አባክኖ አይደለም። ድንጋይ ለቅሞ እርከን የሚሠራ፣ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ገብስና ማሽላ የሚያበቅል ገበሬ ሰነፍ አይባልም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከብቱን ነዳው፣ ጎተራውን ገለበጠው። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ወገናችን ሰቆጣ ላይ በመጠለያና በሰው ቤት ብዙ ጊዜ ገፋ። ያ ቁስል ሳይሽር በ2015 ክረምት ዝናቡ ቀረና በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ከብቱ በየሜዳው ወደቀ። እንዲህ ባለ ዘመን ተበድሮ ልጁን ያበላ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም። ይህን የማስቀድመው በዕዳው ምክንያት አንገቱን የደፋ ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያነብበኝ ስለምፈልግ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ዕዳ የሚያመጣብን ወር የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ ሁላችንም ሐምሌ እንላለን። ጎተራው የሚራቆተው፣ ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን የሚገልጠው፣ የአራጣ አበዳሪው በር የሚንኳኳው ያኔ ነው። እኔ ግን ወሩ ኅዳር ነው፣ ታኅሣሥ ነው፣ ጥር ነው እላለሁ። የሐምሌ ዕዳ የሚጀምረው እህሉ ገና ከአውድማ እንደተነሳ ነው።

አምስት ነፍስ ያለበት አንድ ቤት እንውሰድ። ስድስት ኩንታል አስገባ እንበል። ታኅሣሥ ላይ ለልደት በዓል፣ ለልብስ፣ ለዘመድ ሠርግ ብሎ ሁለቱን ኩንታል ይሸጣል። ሁሉም ሰው የሚሸጥበት ጊዜ ስለሆነ ገበያው ጠግቧል፤ ኩንታሉ 4 ሺህ ብር ቢያወጣ 8 ሺህ ብር እጁ ይገባል። የቀረው አራት ኩንታል እንደምንም ተብቃቅቶ እስከ ግንቦትና ሰኔ ያደርሰዋል። ሐምሌ ላይ ያንኑ የሸጠውን ሁለት ኩንታል መልሶ ሊገዛ ገበያ ይወጣል፤ አሁን ግን ኩንታሉ 6 ሺህ ገብቷል። 12 ሺህ ብር በወር ከመቶ አሥር በሚታሰብ አራጣ ይበደራል። የአምስት ወር ወለድ 6 ሺህ፣ ከዋናው ጋር 18 ሺህ። አዲሱ እህል ሲደርስ ይህን ለመክፈል በ4 ሺህ ሒሳብ አራት ኩንታል ተኩል መሸጥ አለበት። እንደ አምናው ስድስት ኩንታል ቢያስገባ እንኳ ለቤቱ የሚተርፈው አንድ ኩንታል ተኩል ነው። ሁለት ኩንታል ሸጦ የተነሳ ሰው አራት ኩንታል ተኩል ከፍሎ አረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ብድር ፍለጋ የሚወጣው ሐምሌን ሳይጠብቅ በየካቲት ነው።

ዋጋው ከዓመት ዓመት፣ ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ እናንተ በራሳችሁ ቤት ቁጥር ተኩት። አካሄዱ ግን አይለወጥም። ይህን ሒሳብ የማያውቅ ቤት የለም፤ ችግሩ እያንዳንዱ ቤት ብቻውን፣ ሌሊት፣ እንቅልፍ አጥቶ የሚያወጣው ሒሳብ መሆኑ ነው።

ደሞዝተኛውም ከዚህ አላመለጠም። ሰቆጣ ላይ የሚያስተምር መምህር፣ ጤና ጣቢያ የምታገለግል ነርስ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ በሱቅ ደብተር ላይ ስም አላቸው። ጠርዙ የተጠቀለለውን ያንን ደብተር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ከጎኑ ቀን፣ ከቀኑ ጎን ብር። ወሩ ሲያልቅ ደሞዙ ከባንክ ወጥቶ ቤት ሳይደርስ ሱቅ ላይ ያልቃል፤ በማግስቱ አዲስ ገጽ ይከፈታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ “መላ” እና “እንደኪሴ” የሚባሉት ብድሮች በስልካችን ውስጥ ገብተዋል። ድንገት ለታመመ ልጅ መድኃኒት የሚገዙ ብድሮች ናቸውና አላጣጥላቸውም። ነገር ግን የተበደሩትን በሌላ ብድር መክፈል ልማድ ሲሆን ደሞዙ የማን እንደሆነ ይጠፋል። በዚያው ስልክ ላይ “ሳንዱቅ” የሚባል የቁጠባ አገልግሎትም አለ፤ ስንቶቻችን ከፍተነዋል?

ከሁሉ የሚከፋው ወለድ አገድ ነው። ገበሬው መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው እያረሰ ይበላል፤ ምርቱ ሁሉ በወለድ ይታሰባል፤ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ እንዳለ ይቆማል። መኸር በመኸር ላይ ሲያልፍ ባለመሬቱ በገዛ ማሳው የቀን ሠራተኛ ሆኖ ያጭዳል። በድሮ ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው በቁራኛ ይሄዱ ነበር። ያ ቁራኛ ቢያንስ አደባባይ ላይ የሚታይ ነበር፤ የዛሬውን ግን ባለቤቱ ብቻ ተሸክሞት ይዞራል። ከዚህ ሸክም ሸሽቶ ስንቱ ጎልማሳ ነው ወደ ሁመራና መተማ የወረደው? ስንቷ ልጅ ናት የቤተሰቧን ዕዳ እከፍላለሁ ብላ፣ ለደላላ ሌላ ዕዳ ገብታ አረብ አገር የሄደችው?

የከተማችን ስም አገር በሚያውቀው ቃል ኪዳን ላይ ተጽፏል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የተገባ ቃል ነው። ያ ቃል የሚፈጸመው ግን በጤና ጣቢያ ብቻ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለእናት “እንቁላሉን ለልጅሽ ስጪው” ትላታለች። እናትም ይህን ታውቃለች። ሆኖም እንቁላሉ ሳምንቱን ሙሉ በገለባ ውስጥ ይጠራቀምና በገበያ ቀን ተሸጦ ለዱቤው ይሄዳል። ማሩም፣ ቅቤውም እንዲሁ። ልጁ የሚበላውን ዕዳው እየበላው ነው። ስለ ገንዘብ እየተናገርን ያለን ከመሰለን ተሳስተናል፤ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችን ቁመትና አእምሮ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ በየቤታችን ቁጭ እንበል። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ቡናው ተፈልቶ፣ አባት፣ እናትና ልጆች ባሉበት ደብተር ይምጣ። ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ጸሐፊው እሱ ይሁን። በአንዱ ገጽ ያለብን ዕዳ ሁሉ ይጻፍ፤ የማን ነው፣ ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል። አባወራ ሆይ፣ እዚህ ላይ አትደብቅ። ሚስትህ የማታውቀው ዕዳ ሲመጣ የሚወስደው የእሷን ፍየል ነው። እመቤት ሆይ፣ አንቺም በዕቁብና በጎረቤት የወሰድሽውን አውጪው። በሌላው ገጽ ዓመቱ በሙሉ በየወሩ ይሰለፍ፤ በየትኛው ወር ምን ይገባል፣ በየትኛው ምን ይወጣል። ጳጉሜን አትዝለሏት፤ የዘመን መለወጫውና የትምህርት ቤቱ ወጪ እሷን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ከመስከረም እስከ መስከረም ተዘርዝሮ ሲታይ ገንዘቡ የሚገባባቸው ወራት ጥቂት፣ የሚወጣባቸው ደግሞ አሥራ ሦስቱም መሆናቸው ፊት ለፊት ይወጣል። በጀት ማለት ይኸው ነው፤ ያለ ቢሮም ይሠራል።

ቀጥሎ የአከፋፈሉ ተራ። ከአራጣው እንጀምር፤ ያለ ማመንታት። በወር ከመቶ አሥር የሚታሰብ 10 ሺህ ብር፣ ወለዱ በወለድ ላይ እየተደመረ ቢሄድ፣ በ12 ወር 31 ሺህ 384 ብር ይሆናል። ይህን ያህል የሚያተርፍ እርሻም፣ ንግድም፣ ፍየልም እኛ ዘንድ የለም። ስለዚህ አንድ ሺህ ብር የያዘ ሰው አትራፊ ሥራ ከፈለገ ከአራጣው ላይ ይቀንስበት። ከአራጣው ቀጥሎ የሱቁ ዱቤ ይምጣ፤ ባለሱቁም እኮ ለጅምላ ነጋዴ ባለዕዳ ነው፣ የእኛ መዘግየት የእሱን ልጆች ይነካል። የማዳበሪያውና የአበዳሪ ተቋማት ብድር በውሉ ጊዜ ይከፈል፤ ተቧድነን የወሰድነው ብድር ላይ አንዱ ሲቀር የሚጠየቁት ዋስ የሆኑት ጓደኞቹ ናቸውና።

ሽማግሌዎች! እዚህ ላይ እናንተን እጠራለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰዎች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። በወር ከመቶ አሥር፣ በዓመት ከመቶ 120 ማለት ነው። አራጣ በወንጀል ሕጋችንም ያስጠይቃል። ይህን የማነሳው ጎረቤትን ከጎረቤት ፍርድ ቤት ላይ ላቁም ብዬ አይደለም። አበዳሪውም የእኛው ሰው ነው፤ ክርስትና አብረን ተነስተናል፣ ሐዘን አብረን ተቀምጠናል። እናንተ ደም ያስታረቃችሁ ሰዎች ናችሁ። አበዳሪና ተበዳሪን አስቀምጣችሁ “ዋናውን ተቀበል፣ ወለዱን ተው፤ አንተም ዋናውን በዚህ ቀን አስገባ” ብትሉ የሚሰማችሁ ብዙ ነው። ካህናት አባቶች በዐቢይ ጾም፣ ሼሆቻችን በረመዳን ይህን ነገር በአንደበታቸው ቢያነሱት ብዙ መሬት ከወለድ አገድ ይወጣል። ስምምነቱ ግን በወረቀት ይሁን፤ በሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በቃል ምስክር ብቻ አይቆምም።

ከዚያ ወደ ማኅበራችን እንሂድ። የሚካኤል፣ የማርያም፣ የመድኃኔዓለም ማኅበር የሌለው መንደር የለንም። ዕድር አለን። ሰው ሲሞት ማንም ሳይጠራን እንሰበሰባለን፤ ድንኳን እንተክላለን፣ እህል እናዋጣለን። ለሞት የምንሰበሰበውን ያህል ለኑሮ አንሰበሰብም፤ ይህ መለወጥ አለበት። ከእነዚህ ማኅበራት እያንዳንዱ ከዘንድሮ ጀምሮ የቁጠባ ሣጥን ይኑረው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሀያ ቤተሰብ በሳምንት 50 ብር ቢያስገባ ሣጥኑ ውስጥ በሳምንት አንድ ሺህ ብር ይገባል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ባሉት 30 ሳምንታት 30 ሺህ ብር ይሆናል። ሐምሌ ላይ የቸገረው አባል ከዚያ ይበደራል፤ በወር ከመቶ አንድ፣ ማለትም ሕጉ ከሚፈቅደው ጣሪያ ሳይወጣ። ቅድም ባየነው ቤት 12 ሺህ ብር ለአምስት ወር 6 ሺህ ብር ያስከፍል የነበረው አሁን 600 ብር ብቻ ያስከፍላል፤ እሱም ወደ ሣጥኑ ተመልሶ ለአባላቱ ይከፋፈላል። ወለድ ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸው ሙስሊም ወገኖቻችን ያለ ወለድ ያድርጉት፤ ሣጥኑ ያው ነው። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ሦስቱም ቁልፎች በተለያዩ ሰዎች እጅ ይሁኑ፤ ሣጥኑ ደግሞ ቁልፍ ባልያዘ በአራተኛ ሰው ቤት ይቀመጥ። የሚከፈተው ሁሉም አባል ባለበት ብቻ ነው። ገቢና ወጪው በየስብሰባው ጮክ ተብሎ፣ አማርኛ ለማይከብደው በአማርኛ፣ ለእናቶቻችን በኽምጣና ይነበብ። ያልተነበበ ሒሳብ ማኅበር ያፈርሳል። ገንዘቡ ጠርቀም ሲል ትርፉ ሰቆጣ ላይ ካሉት ባንኮች በአንዱ በማኅበሩ ስም ይግባ፤ ቤት ያለ ገንዘብ በክፉ ቀን ምን እንደሚደርስበት በጦርነቱ አይተናል።

ዕቁብ አለን የሚል ይኖራል። ዕቁብ መልካም ነው፣ አይነካ። ነገር ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፤ የሐምሌ ችግር ደግሞ ዕጣ አይጠብቅም። በዚያ ላይ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ታኅሣሥ ላይ ይዞ ሠርግ ሊደግስበት ይችላል። እኛ የምንፈልገው በተወሰነ ቀን የሚከፈት ጥሪት ነው።

ከገንዘቡ ጎን እህሉ ይቀመጥ። ሀያው ቤተሰብ በኅዳር አንድ አንድ ኩንታል ሳይሸጥ ቢያስቀምጥ ሀያ ኩንታል እህል ሐምሌን ይጠብቃል ማለት ነው። ነቀዝ ይበላብናል የሚለው ስጋት እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን አየር የማያስገባ ባለሦስት ድርብ ከረጢት ገበያ ላይ አለ። በደንብ የደረቀ እህል ተሞልቶ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። የግብርና ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ከረጢቱ በገበያ ቀን በብዛት እንዲገኝ አድርጉ።

ስለ ድግስ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፤ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን እየዞርን የምናልፈው እሱ ነውና። የጥር ሠርግ፣ ተዝካሩ፣ ክርስትናው የእኛ ክብር ነው፤ ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን “ዘንድሮ ድግሴን ላሳንስ” ቢል መንደሩ ምን ይለኛል ብሎ ይሰጋል፣ እውነቱንም ነው። መንደሩ ራሱ ተሰብስቦ ወሰን ሲያበጅለት ግን የሚያማ አይኖርም። አንድ በሬ የነበረው በሁለት ፍየል ይሁን ብሎ ማኅበሩ ቢወስን፣ ሙሽሮቹ በሬውን ይዘው ጎጆ ይወጣሉ። ተበድሮ የሚወጣ ተዝካር ለሟች ነፍስ ምን ይጠቅማል? ይህን ለመወሰን ከላይ ትእዛዝ አያስፈልገንም፤ ዕድራችን በቂ ሥልጣን አለው።

እናንተ የሻደይ ልጆች፣ እናንተንም አልረሳም። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ወገባችሁን በቄጠማ አስጊጣችሁ ከቤት ቤት ስትጨፍሩ የሚሰጣችሁ ስጦታ አለ። ቡድናችሁ የተመሰረተ ነው፤ አለቃችሁን ታውቃላችሁ፤ የገንዘብ ያዣችሁን ታምናላችሁ። ያ ቡድን ሻደይ ሲያልፍ አይበተን። ከስጦታው የተወሰነው ተቀምጦ ለአንዲት አባል ሁለት የግት ፍየል፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላዋ ይገዛ። የዋግ ወጣት ሴት የራሷ ጥሪት ሲኖራት ለደላላ ቃል ጆሮ አትሰጥም።

ገንዘብ ቆጥቤ ምን ሊረባኝ፣ እየረከሰ አይደለም ወይ የሚለኝ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ብሔራዊ ባንክ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቁጠባ የሚከፈለው ወለድ ከ7 በመቶ እንዳያንስ ወስኗል፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የወጣባቸው ወራት ነበሩ። ስለዚህ ጥሪታችንን ሁሉ በብር አናስቀምጥ። ለሐምሌና ለድንገተኛ ሕመም የሚሆነው በብር ይሁን። ለዓመታት የሚቆየው በእናት ፍየል፣ በዘመናዊ ቀፎ፣ በበግ ይሁን። እዚህም ላይ ግን ድርቁ ያስተማረንን አንርሳ፤ ዝናቡ በሐምሌ አጋማሽ አለመምጣቱ ሲታወቅ ከመንጋው ከፊሉን ሥጋ እያለው ሸጦ ገንዘቡን መያዝ፣ መስከረም ላይ ቆዳውን ከመግፈፍ ይሻላል። ፍየልን ለፋሲካ መሸጥና ፍየልን በረሃብ ወር መሸጥ ሁለት የተለያየ ዋጋ ነው፤ ዕዳ የሌለበት ሰው የሚሸጥበትን ቀን ራሱ ይመርጣል።

ይህ መንገድ በሌላ አገር ተሞክሮ ያዋጣ ነው። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 ረሃብ በገባ ጊዜ ፍሪድሪህ ቪልሄልም ራይፋይዘን የሚባል የአንድ ደጋ ወረዳ ሹም ገበሬው በአራጣ አበዳሪ እጅ ሲወድቅ አየ። መጀመሪያ ባለጸጎችን አስተባብሮ ዱቄትና ዳቦ አከፋፈለ። ውሎ አድሮ ምጽዋት እንደማይበቃ ተረዳና በ1864 ገበሬዎቹ ራሳቸው አባል፣ ራሳቸው ዋስ፣ ራሳቸው ተበዳሪ የሚሆኑበትን የብድር ማኅበር አቆመ። ዛሬ ስሙን የያዙ የኅብረት ሥራ ባንኮች በአውሮፓ በርካታ ናቸው። ከእኛ ጋር በኑሮ የሚቀራረቡት ደግሞ የኒጀር ሴቶች ናቸው። በማራዲ አካባቢ፣ ዝናብ እንደ እኛው በሚያስጨንቀው ምድር፣ ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ከእነሱ ጋር የጀመረው የቁጠባ ቡድን ከውጭ አንድም ሳንቲም ብድር ሳይገባበት በራሳቸው መዋጮ ቆመ፤ ከዚያም በአፍሪካ አገሮች ተስፋፋ። ባለሦስት ቁልፉ ሣጥን የመጣው ከዚሁ አሠራር ነው። በአገራችንም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 በሩን ከፍቷል፤ ቡድኖቻችን ሲጠነክሩ ተሰባስበው ሕጋዊ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር መሆን ይችላሉ።

አንዳንዱ ቤት ግን የሚቆጥበው ምንም የለውም። ከብቱ ያለቀበት፣ ከቀዬው የተፈናቀለ፣ አልጋ የያዘ ወገን አለ። እሱን “ቆጥብ” ማለት ግፍ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ልማታዊ ሴፍቲኔት ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት በጊዜው ይድረስ፤ ክፍያው በዘገየ ቁጥር ዱቤው እንደሚያድግ ኃላፊዎች ይወቁት። እኛም በየሣጥናችን ከሳምንቱ 50 ብር ላይ 5 ብሩን ለብቻ እናስቀምጥ፤ እሷ አትበደርም፣ ለታመመና ለተቸገረ ጎረቤት ትሰጣለች። ይህ ጥሪ መንግሥትን ከግዴታው አያወጣም። ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በነበረ ጊዜ ብዙ ገበሬያችንን ያበደረው የዛሬው ፀደይ ባንክም ሆነ ሌሎች አበዳሪ ተቋማት፣ ጦርነትና ድርቅ ያጎሳቆለውን ተበዳሪ የመክፈያ ጊዜ እንዲያራዝሙለት እንጠይቃለን። በቡድን ሆነን ስንጠይቅ ድምፃችን ይሰማል።

በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በውጭ አገር ያላችሁ የዋግ ተወላጆችም ስሙኝ። ለበዓል የምትልኩት ገንዘብ እግዚአብሔር ይስጥልን የሚያሰኝ ነው። ዘንድሮ ግን ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ “መሬታችን በማን እጅ ነው?” በወለድ አገድ የተያዘ ከሆነ ለበዓሉ በሬ የምትልኩትን የዕዳውን ዋና ለመክፈል ላኩት። ያ መሬት ከተመለሰ ወላጆቻችሁ በዓሉን ከራሳቸው አውድማ ያከብሩታል።

የምንጀምርበት ቀን ይቆረጥ። ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ እህሉ አውድማ ላይ ባለበት፣ ከማንም ገበያ በፊት። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር፣ ሙስሊሙ ወገናችን በዚያው ሳምንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ደሞዝተኛው በየመሥሪያ ቤቱ ደሞዝ በተከፈለ ማግስት ይሰብሰብ። ሁሉም ሦስት ነገር ይዞ ይምጣ፤ ቤቱ ውስጥ የተጻፈውን የዕዳ ደብተር፣ የመጀመሪያውን 50 ብር፣ አንድ ኩንታል እህል ሳይሸጥ ለማስቀመጥ የሚገባውን ቃል። ከእናንተ ውስጥ መጻፍ የሚችል ሰው ዛሬውኑ የሀያ ቤተሰብ ስም መመዝገብ ይጀምር፤ ከጎረቤቱም በር ይጀምር።